ወለላ በባዶ እጅ

ከገጽ ሰባ ሁለት ቀጥሎ የመጣው ገጽ ሰማንያ አንድ ነበር። ሁለት ወረቀት ተጣብቆ ይሆናል ብዬ ጫፉን በጥፍሬ ፈለግኩት። አልተጣበቀም። ወደ ኋላ ገለጥኩ፣ ወደ ፊት ገለጥኩ። ሦስቱም ተጫዋቾች በአጎቴ ሆቴል ዕቃ ክፍል ውስጥ፣ በለስላሳ መጠጥ ሳጥኖቻቸው ላይ እንደተቀመጡ ያዩኛል። የዚያን ቀን የመብራት ተራ የእኛ ሰፈር ስላልነበረ ቬንትሌተሩ ቆሟል፤ የሸዋ ሮቢት ሙቀት በቆርቆሮው ጣሪያ በኩል ወደ ክፍሉ ይወርዳል።

«ምን ሆንሽ?» አለችኝ ሮማን። «ልትሞት ነው?»

የጠየቀችኝ ስለ ወለላ ነው። ወለላ የምትባል ሴት በዓለም ላይ የለችም። ክረምቱን ሙሉ ግን ከማንም በላይ የምናውቃት እሷን ነበር።

ጨዋታው እንዲህ ነው። ሰሌዳም ጠጠርም የለውም። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ሰው ይፈጥርና ስም ያወጣለታል፤ ኃይሉንና ቅልጥፍናውን በቁጥር ይጽፋል፤ ከዚያ በወሬ ብቻ በሌለ አገር ውስጥ ያኖረዋል። አጫዋቹ አገሩን ይተርካል፣ ተጫዋቾቹ ሰዎቻቸው የሚያደርጉትን ይናገራሉ። ይሳካ አይሳካ የሚያጠራጥር ነገር ሲመጣ ዕጣ ይወጣል። መጽሐፉ ለዕጣው ሃያ ጎን ያለው ዳይስ ያዛል። ሸዋ ሮቢት ውስጥ ባለ ስድስት ጎኑም የሚገኘው ከልጆች ሉዶ ጋር ብቻ ነው። እኛ ሃያ የለስላሳ ቆርኪ ሰብስበን ከአንድ እስከ ሃያ ጻፍንባቸው፤ በውሃ ጆግ ውስጥ እያንኳኳን፣ ሳናይ እጃችንን ሰደን እናወጣለን። ትልቅ ቁጥር ደግ ነው፣ ትንሽ ቁጥር ክፉ።

ያስተማረችኝ ዩኒቨርሲቲ አንድ ክፍል የምንኖር ኤደን የምትባል ልጅ ናት። መጽሐፉን ወንድሟ ከውጭ አምጥቶላት ነበር፤ ለክረምት ወደ ቤት ስመለስ ፎቶ ኮፒውን ይዤ መጣሁ። ሚሊኒየሙ ካለፈ በኋላ ባለው ዓመት መሆኑ ነው። መብራት በመላው አገር በፈረቃ ነበር፤ ኮፒ እየተደረገ መሃል ላይ ጠፋ፣ ከብዙ ሰዓት በኋላ ሲመጣ ቤቱ በወረፋ ተጨናንቆ ስለነበር የት እንደቆመ ያስታወሰ ሰው አልነበረም። ሳልቆጥር አቅፌ ወጣሁ። የጎደሉት ገጾች ምን እንደሆኑ ያወቅኩት አሁን፣ በሚያስፈልጉበት ደቂቃ ነው። ገጽ ሰባ ሁለት መጨረሻው ላይ ስለ ጋሻ ይናገርና በደማቅ ፊደል «መሣሪያ የሌለው ሰው እንዴት እንደሚዋጋ» ብሎ ያበቃል። ገጽ ሰማንያ አንድ ስለ ጀልባ ነው።

ይህን ስነግራቸው በድሩ ሳቀ። በድሩ ከጀውሃ አካባቢ ሽንኩርት ሰብስቦ ለጭነት መኪና የሚያስረክብ ቀጭን ሰው ነው፤ መኪናው እስኪመጣ ድረስ ነው እኛ ጋ የሚቀመጠው። ሚልኪያስ ግን አልሳቀም። ማዶ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ አለው፤ መብራት በሌለበት ቀን አምፖል የሚሞክርለት ስለሌለ ሱቁን ዘግቶ ይመጣል። ሕግ ይወዳል።

«ያለ ሕግ መግጠም አትችልም» አለ። «በግምት ከሞተች ሮማን ይቅር አትለንም። በግምት ከዳነች ደግሞ እኔ ይቅር አልላችሁም።»

ሮማን የአጎቴ የጋሼ ተፈራ ሆቴል አስተናጋጅ ናት። ሹፌሮች በጭብጨባ ሲጠሯት ትሮጣለች፤ ሲቆጧት ትሪው ላይ አቀርቅራ ትሰማለች። እኔም ሰው ፊት መናገር ስለሚከብደኝ ስንተዋወቅ ብዙም አላወራንም። ወለላን ስትፈጥር ነው ድምጿን የሰማሁት። ወለላ ከጨው ግመሎች ጋር ያደገች ሰይፈኛ ናት። ማንንም አትለምንም። አንድ ቀን የንጉሡን ቀራጭ «ከመንገዴ ላይ ወግድ» ስትለው፣ ቀራጩን ሆኜ የምተርከው እኔ ደንግጬ ቆርኪው ከእጄ ወደቀ። የሞተ ሰው አይመለስም ብላ ገና በመጀመሪያው ቀን ያስወሰነችንም ሮማን ራሷ ናት። ካልሞቱማ ምኑ ያስፈራል ብላ ነበር።

አሁን ወለላ የቆመችው ገደል ሥር ባለ ትልቅ ገበያ መሃል ነው። ገበያውን ከአሊዩ አምባ ነው የወሰድኩት፤ አባቴ ድሮ ሲራራ ነጋዴዎች በቅሎና ግመል ይዘው እንዴት ይገናኙበት እንደነበር ሲያወራ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። በእኔ ገበያ ብረት ይዞ መግባት ክልክል ነው። ወለላ ሰይፏን በር ላይ አስረከበች። ከዚያ ዳሙጥ የሚባል ግዙፍ የበር ጠባቂ የሚልኪያስንና የበድሩን ሰዎች ይዞ አሰራቸው። የገበያው ደንብ፣ ጠባቂውን በባዶ እጅ ገጥሞ ጀርባውን መሬት ያስነካ ሰው እስረኞቹን ይዞ ይሄዳል ይላል። ደንቡን የፈለሰፍኩት እኔ ነኝ። መጽሐፉ የቀረውን ያውቃል ብዬ ተማምኜ ነበር።

ስለዚህ ሕጉን ራሳችን ማውጣት ጀመርን።

ሚልኪያስ ጡጫን እንደ ቢላዋ እንቁጠረው አለ። በድሩ በዚህ አልተስማማም፤ በጡጫ ሰው ይወድቃል፣ አቧራውን አራግፎ ይነሳል፣ ይሰድባል እንጂ የሚሞት ስንቱ ነው አለ። ታዲያ የሚገድለው ምንድነው ብለን ስንከራከር፣ ጡጫ አንድ ነፍስ ብቻ እንዲወስድ፣ አደገኛው መያዝ፣ መጣልና መጫን እንዲሆን ተስማማን። በእኛ ጨዋታ እያንዳንዱ ሰው የተወሰነ ነፍስ አለው፤ ሲያልቅ አለቀ ነው። ተጭኖ አንገት ያነቀ በየተራው ሦስት ነፍስ ይወስዳል። ወለላ ስምንት ነበራት።

የከበደው መጣል ነበር። ሚልኪያስ ትልቁ ሁልጊዜ ትንሹን ይጥላል አለ። በድሩ ተነስቶ ሽርጡን ከፍ አድርጎ ታጠቀና «ና» አለው። እኔ ተው ከማለቴ በፊት ሁለቱ በሳጥኖቹ መሃል ተያይዘው ነበር። ሚልኪያስ በእርግጥ ከባድ ነው፤ በድሩን አንስቶ ሊያሽከረክረው ሲል በድሩ እግሩን ከኋላው ሰዶ ጠለፈውና ሁለቱም ባዶ ጠርሙሶቹ ላይ ወደቁ። ቤቱ ተንቀጫቀጨ። ሮማን አፏን በእጇ ይዛ ትስቃለች። ሚልኪያስ ወለሉ ላይ እንደተጋደመ፣ መሸነፉን ረስቶ «ጻፊ» አለኝ። «መያዝ በኃይል ነው። መጥለፍ በቅልጥፍና።»

ጻፍኩ። መጽሐፍ ላይ ያነበብኩትን ሕግ ሳጫውት ከርሜ፣ ሕግ ዓይኔ እያየ ሲወለድ ማየት ሌላ ነገር ነበር።

ግጥሚያው ተጀመረ፤ ሁለቱም ወገን ቆርኪ አውጥቶ የኃይሉን ወይም የቅልጥፍናውን ቁጥር ይደምርበታል፣ የበለጠው ያሸንፋል፣ እኩል ከወጣ ለጠባቂው ነው። ወለላ ቀድማ በጡጫ መታችው፤ ዳሙጥ ሳቀ። ሊይዛት ሲል አመለጠችው። ሮማን ከሳጥኑ ላይ ተነስታ ቆመች። ሁለተኛ ሲይዛት ግን ያወጣሁለት ቆርኪ አሥራ ዘጠኝ ነበር፤ አምስት ኃይል ሲጨመርበት ወለላ የምታወጣው ምንም ቁጥር አይበልጠውም። አነሳት። ጣላት። ተጫናት። አንገቷን ያዘ፤ ስምንቱ ነፍስ አምስት ሆነ። ሮማን ልታስለቅቅ ቆርኪ አወጣች፤ አራት። አምስቱ ሁለት ሆነ።

የሚቀጥለው ተራ ሦስት እንደሚወስድ ሁላችንም እናውቃለን። ሮማን እጇን ወደ ጆጉ ሰደደችና መልሳ አወጣችው።

«ቆይ» አለች። «ሰዎቹ ምን እያደረጉ ነው?»

«የትኞቹ?»

«የገበያው ሰዎች።»

ቀደም ሲል እንደተረክሁት ክብ ሠርተው ቆመው እያዩ፣ እያጨበጨቡ መሆኑን ነገርኳት። መጽሐፉ ውስጥ ባለው ሥዕል እንደዚያ ነበር።

«እያዩ?» አለ በድሩ፣ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ። «ሁለት ሰው ሲተናነቅ ቆሞ የሚያይ ገበያ የት አገር አየሽ? ገላጋይ የለም?»

አጣዬ ገበያም ይሁን እዚሁ መናኸሪያው ፊት ለፊት ሁለት ሰው ኮሌታ ለኮሌታ ሲያያዝ ምን እንደሚሆን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ሻጩ ሚዛኑን፣ ሊስትሮው ብሩሹን ጥሎ ይገባል። እንዲያውም ብዙ ሰው ደፍሮ የሚሰነዝረው የሚይዘው እንዳለ ስለሚያውቅ ነው። ይህን ሁሉ እያወቅኩ የገበያዬን ሰው ሁሉ እንደ ግንድ አቁሜው ነበር።

ሚልኪያስ ተቆጣ። ገላጋይ ካለ ማንም አይሞትም፣ ጨዋታው የልጅ ማስተኛ ተረት ይሆናል አለ። በድሩ ገላጋይ ሁሉ አያድንም፣ ገላጋይ መስሎ እጅህን ይዞ የሚያስመታህ አለ ብሎ ጮኸ። እኔ የእሱን፣ ሌላ ሰው የያዘው ራሱን አይከላከልምና ያለ ዕጣ ይወድቃል ብዬ እየጻፍኩ፣ የሚልኪያስን እሰማለሁ። በዚህ መሃል በሩ ተከፈተና ጋሼ ተፈራ ገባ።

ደንበኞች ቁማር አለ እያሉ እንደሚያሙን ነግሮን ያውቃል፤ ጠርሙሱ ሲንኳኳ ሰምቶ ሊቆጣ እንደመጣ ፊቱ ይናገራል። በድሩ ግን ዕድል አልሰጠውም። «ጋሼ፣ እስቲ አንቱ ፍረዱ» አለው። «ሴቲቱን ሥር አድርጎ እያነቃት ነው፤ ገበያ ሙሉ ሰው ቆሞ ያያል።»

ጋሼ ተፈራ ወደ መንገዱ ዞረ። «የት ነው? ማነው የሚያንቃት?»

«ጨዋታ ነው ጋሼ» አለ ሚልኪያስ።

«እሷ ናት?» ጋሼ ሮማንን አያት። ላብ ፊቷን አልብሶታል፤ ቆርኪዎቹን የያዘውን ጆግ እቅፍ አድርጋለች። ሊናገር የመጣውን ረሳው መሰለኝ። ነገሩን በአጭሩ፣ ወረቀቴ ላይ አቀርቅሬ አስረዳሁት፤ ወለላ ማን እንደሆነች፣ ከተሸነፈች እንደማትመለስ፣ ገላጋዩ ገብቶ ማንን እንደሚይዝ ማወቅ እንዳቃተን።

ጋሼ የላይ ከንፈሩን በአውራ ጣቱ ገልጦ ጥርሱ የወለቀበትን ቦታ አሳየን። «ይቺን ያጣሁት የመኪና ረዳቶች ስገላግል ነው» አለ። ከዚያ ሳጥን ስቦ ተቀመጠና እንደ ሽማግሌ ዳኝነት ጀመረ። ገላጋይ የሚይዘው ከላይ ያለውን ነው። ከታች ያለውን የያዘ ገላጋይ ሳይሆን ተባባሪ ነው። ሥር የወደቀ ሰው ገላጋይ አይጠራም፤ ከጠራ ተሸነፈ። ገላጋይ በራሱ ነው የሚመጣው። በማን ስም ይለምናል ስንለው፣ እዚህ ቢሆን በማርያምም በአላህም ይይዛል አለ። የእኔ አገር ውስጥ ሁለቱም ስለማይታወቁ አሰብ አደረገና «በእናታችሁ ጡት ይበላቸው» አለ። «እናት የሌለው አገር የለም።»

ሁሉንም ጻፍኩ። ከዚያ የቀረውን ሕግ መናገር የእኔ ድርሻ ነበር። ጆጉን እያየሁ ተናገርኩ፤ ለገላጋዩ አንድ ቆርኪ ይወጣል፣ ከአሥራ አምስት ጀምሮ ወደ ላይ ከሆነ ይደርሳል።

«ከዚያ በታች ከሆነስ?» አለ ጋሼ።

«አይደርስም። ወለላ ትሞታለች።»

«ገበያ ሙሉ ሰው እያለ? ይሄ ሕግ አይደለም። አሥር አድርጊው።»

ጋሼ ተፈራን እምቢ ያልኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ሮማንን አየኋት። አሥር ይሁን ብላ እንድትለምነኝ ጠብቄ ነበር፤ እሷ ግን በትንሹ ራሷን ነቀነቀች፤ አይሆንም ማለቷ ነው።

«አሥራ አምስት ነው ጋሼ» አልኩ። «ገላጋዩ አንቱ ነዎት። ያውጡ።»

የሸሚዙን እጅጌ እስከ ክርኑ ሰበሰበና እጁን ጆጉ ውስጥ ከተተ። ብዙ አማሰለው። ቆርኪውን ለሚልኪያስ ሰጠው፤ ሚልኪያስ አነበበና ገልብጦ አሳየን። አሥራ ሰባት።

ጋሼ ከሳጥኑ ዘሎ ተነሳ። እጆቹን ዘርግቶ «በእናታችሁ ጡት!» እያለ ሚልኪያስን ከኋላ አቅፎ ወደ ግድግዳው ጎተተው። ሚልኪያስም ሳያስበው ዳሙጥ ሆኖ መታገል ጀመረ። በድሩ በሳቅ ሞተ። ወለላ ከመሬት ተነሳች። ሁለት ነፍስ አላት፤ ጠላቷ ፊቷ ተይዞ ቆሟል።

መጀመሪያ ያየው ሚልኪያስ ነው፤ በጋሼ ክንድ ውስጥ እንዳለ። «ሮማን፣ አሁን! የተያዘ ሰው መጣል ቆርኪ አያስፈልገውም። ራሳችን ነን የጻፍነው።»

እውነቱን ነው። ሌላ ሰው የያዘው ራሱን ስለማይከላከል ዕጣ አይወጣለትም ብለን ቀደም ብለን ጽፈናል። ወለላ መግፋት ብቻ ነው የሚጠበቅባት። ዳሙጥ ይወድቃል፣ እስረኞቹ ይፈታሉ፣ ወለላ ትኖራለች። በድሩ ጣይው፣ ጣይውና እንሂድ እያለ በሽርጡ ራሱን ያራግባል።

ሮማን ጆጉን ሳጥኑ ላይ አስቀመጠች።

«ጋሼ፣ ይልቀቁት» አለች።

ድምጿ የወለላ ነበር። ጋሼ አልሰማም ወይም የሰማውን አላመነም።

«ተይዞልኝ ጣልኩት ልበል?» አለች። «ይልቀቁት። እኔው እጥለዋለሁ።»

በድሩ ማራገቡን ተወ። ጋሼ የሚልኪያስን ሸሚዝ ቀስ ብሎ ለቀቀና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። እንዲህ ሲያደርግ ፊቱ ላይ ያየሁት ነገር አክብሮት ነበር።

ለዳሙጥ ቆርኪ ማውጣት የእኔ ሥራ ነው። ትንሽ ቁጥር እንዲሆን በልቤ እየለመንኩ እጄን ሰደድኩ። አሥራ አራት ወጣ። የኃይሉ አምስት ሲጨመር አሥራ ዘጠኝ። የወለላ ቅልጥፍና አራት ነው። ማንም ጮክ ብሎ አልደመረም፤ ሁሉም ግን ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። አሥራ ስድስት ወይም ከዚያ በላይ ካላወጣች ዳሙጥ ይይዛታል፤ አሁን ከያዛት ደግሞ ገላጋዩን ራሷ አስለቅቃለችና ዳግመኛ የሚገባላት የለም።

ሮማን ዓይኗን ጨፍና አወጣች። አላየችውም። ጡጫዋ ውስጥ ጨብጣ ቆየችና እጇን ወደ ጋሼ ዘረጋች። «አንቱ ያንብቡልኝ።»

ጋሼ መነጽሩን ሒሳብ መቀበያው ላይ ትቶ ነው የመጣው። ቆርኪውን ዓይኑ ሥር አደረገው። ከዚያ ክንዱ እስኪያልቅ አራቀው። ወደ በሩ ብርሃን ሄደ። እኛም ተከተልነው።

«ሁለት ቁጥር ነው» አለ። «ፊተኛው አንድ ነው።»

«ሁለተኛው ጋሼ» አለ ሚልኪያስ፤ ሊቀማው ምንም አልቀረውም።

«ቆይ እስቲ። ክብ አለው። ክብ…» ቆርኪውን አዘነበለው። «ሁለት ክብ ነው። ስምንት።»

ከዚያ በኋላ ማን ምን እንዳለ መለየት አልችልም። በድሩ ሚልኪያስን ተሸከመው። ጋሼ ቆርኪውን እንደያዘ አሥራ ስምንት፣ አሥራ ስምንት ይላል። የምጮኸው እኔ መሆኔን ያወቅኩት ጉሮሮዬ ሲከረክረኝ ነው።

የገበያውን መጨረሻ ሮማን እንድትተርከው ሰጠኋት፤ ያሸነፈ ሰው አወዳደቁን ይናገራል። ቆማ፣ እጇን እያወናጨፈች ነገረችን። ዳሙጥ ሊይዛት ሲንደረደር ጎንበስ ብላ በክንዱ ሥር አለፈች፤ ግራ እግሯን ከቁርጭምጭሚቱ ኋላ ተከለች፤ በራሱ ክብደት ገፋችው። ጀርባው መሬት ሲነካ የቅመም ሻጮቹ ሰፌድ ከእነቅመሙ ተነስቶ ወደቀ። አቧራው ሲጠራ ወለላ ቆማ ነበር። እጇን አላነሳችም። ሰይፌን አምጡልኝ ብቻ አለች።

ውጭ ከደሴ የሚመጣው አውቶቡስ ጥሩምባውን ነፋ። ሮማን ሽርጧን አስተካክላ፣ ፊቷን በመዳፏ ጠርጋ ወጣች። በሩ ክፍት ስለነበር አዳራሹ ይሰማናል። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ አጨበጨበ።

«መጣሁ» ስትል ሰማናት። ከዚያ ትንሽ ቆይታ፣ ሳትቆጣ፣ «ስሜ ሮማን ነው። በጭብጨባ አይጥሩኝ» አለች።

ሰውየው ምን እንደመለሰ አልተሰማም። የፍልሰታ ጾም ስለሆነ ሽሮና ተጋቢኖ ብቻ እንዳለ ስትነግረው ግን «እሺ ሮማን፣ ሽሮ ይሁንልኝ» ሲል ሰማነው።

ጋሼ ተፈራ አልተነሳም። ተከትሏት ወጥቶ ደንበኛ መቀበል ነበረበት፤ እሱ ግን ቆርኪውን በጣቶቹ መሃል እያገላበጠ ሳጥኑ ላይ ተቀምጧል። ሚልኪያስና በድሩ ከእስር የተፈቱት ሰዎቻቸው የት ይሂዱ እያሉ ሲከራከሩ ቆይቶ ጠራኝ።

«ትንሣኤ። ሰውየው ተጎድቷል?»

«ዳሙጥ? ብዙም አልተጎዳ ጋሼ። ወድቆ ነው።»

«ታዲያ እንዲሁ ሊለያዩ ነው?» አለ። «ገላግሎ መሄድ የለም እኮ። ቂም ይይዛል። ነገ ቁጭ አድርገን ማስታረቅ አለብን።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይሄ ዳሙጥ የሚባለው፣ ሽማግሌ የሚሆንለት ዘመድ አለው?»

አስቤበት አላውቅም ነበር። ፎቶ ኮፒውን ገለጥኩ፤ ከገጽ ሰባ ሁለት በኋላ የገባው የእኔ ወረቀት ላይ ገና ባዶ ቦታ አለ። እስክሪብቶዬን አነሳሁ።

«አጎት አለው» አልኩ።